ሳይጠጣ የቀዘቀዘ ሻይ

ዐደን፣ ማዓላ ሰፈር፣ በረጅሙ ጎዳና ዳር ከተደረደሩት አሮጌ ፎቆች በአንዱ፣ ሀዋዬ በምትሠራበት ወጥ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ ትቀመጣለች። ከሌላ ዕቃ ጋር አትታጠብም። ሀዋዬ ከወሎ መጥታ እዚህ ቤት የተቀጠረች ሰሞን ኩባያዋ የእርሷ ነበረች። የቤቱ እመቤት፣ ሰው ሁሉ ሐጃ የሚላቸው አሮጊት፣ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ስትታመም አስታመዋታል፣ በየዒዱ አልብሰዋታል። ሻይዋን ግን በቆርቆሮዋ ነበር የምትጠጣው። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ሐጃ ራሳቸው በብርጭቆ ቀድተው አቀበሏት። ስለ ነገሩ የተናገረ ሰው አልነበረም። ኩባያዋ ግን አልተጣለችም፤ ወደ መንገድ ጠራጊው ተላለፈች።

ጠራጊው ጥቁር የመናዊ ነው። የሚናገረው ዐረብኛ፣ የሚሰግደው እንደ ሰፈሩ ሰው ነው፤ ቅድመ አያቶቹም የተቀበሩት በዚያው አገር ነው። እርሱንና ወገኖቹን መንግሥትና ጋዜጣ «ሙሀመሺን» ይሏቸዋል፣ ወደ ዳር የተገፉ ለማለት። መንገድ ላይ ያለው ሰው ግን «አኽዳም»፣ አገልጋዮች፣ ይላቸዋል፤ አንዱን ሲጠራ «ኻዲም»። ጧት ጧት ጠራጊው ደረጃው ሥር ቆሞ ውኃ ሲጠይቅ ሀዋዬ በቆርቆሮዋ ታወርድለታለች፤ ከዚያ ለብቻዋ አለቅልቃ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለች።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር መምታታትን አጥብቃ ትፈራ ነበር። ዐደን ውስጥ ላላስተዋለ ሰው የእርሷም የእነርሱም መልክ ያው ነው። ስለዚህ ልጇን በድረዲንን ገና በሕፃንነቱ «ኻዲም ካሉህ ሐበሻ ነኝ በላቸው» ብላ አስተምራዋለች። በድረዲን አባቱ ወደ ሳዑዲ ተሻግሮ የቀረበት፣ ዐደን ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አሁን አል-ሚምዳራ ውስጥ፣ ወርሻ በሚሉት የብረታ ብረት መሥሪያ፣ ብየዳ ይሠራል። ትምህርቷን እንዳልያዘላት ሀዋዬ ያወቀችው ማግባት እፈልጋለሁ ያላት ዕለት ነው።

«ሻዲያን» አላት።

«የማን ልጅ ናት?»

«የዐብደላ። እርሱም መንገድ ጠራጊ ነው፣ የአል-ሚምዳራው። ጋሪው በተሰበረ ቁጥር እኔ ነኝ የምበይድለት። ምሳውን ይዛለት ስትመጣ ነው የተዋወቅነው።»

ሀዋዬ የያዘችውን ፎጣ አጥፋ እንደገና ዘረጋችው። «ሰው ምን ይለኛል?»

«የቱ ሰው? እዚህ ያለው እንደሆነ እኛንም ከእነርሱ አይለየንም።»

«እኛ ሐበሾች ነን።»

«እማ፣ አንቺ አይደለሽ ወይ ስለ አጎትሽ ስለ አለባቸው ያወራሽኝ? ማተቡን እንዳሰረ አክስትሽን አገባ ብለሽ? ለሠርጉ ሁለት ድንኳን ተጣለ፣ የእስላም ለብቻ የክርስቲያን ለብቻ ታረደ አላልሽም?»

«ሃይማኖት ሌላ ነው። አጥንት ሌላ።»

«አጥንት ማለት ምንድን ነው?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። በመንደሯ፣ ከኮረብታው ግርጌ፣ ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። መንደርተኛው ሁሉ ውኃ የሚቀዳው በእነርሱ እንስራ፣ ወጥ የሚሠራው በእነርሱ ድስት ነው። ዕቃውን የሚገዛው ግን ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር፤ በቤታቸው ማንም አይቀምስም፣ በዓይናቸው ይበላሉ ይባላልና። ለሁለት ሃይማኖት ሁለት ድንኳን የሚጥለው አገር ለእነዚህ ሰዎች ሦስተኛ ድንኳን ጥሎ አያውቅም። ሀዋዬ ይህን ለልጇ ነግራው አታውቅም። አሁንም አልነገረችውም።

«ሸህ ሙሐመድሲራጅን ልጠይቅ» ብላ ተነሣች።

ሸህ ሙሐመድሲራጅ በወደብ ሸክም ያረጁ ወሎዬ ናቸው። በሰፈሩ ያሉ ሐበሾች የተጋቡት በእርሳቸው ሽምግልና፣ የታረቁትም በእርሳቸው ነው። ሀዋዬ ወደ እርሳቸው የሄደችው «አይሆንም» እንዲሉላት ነበር።

«ልጅቱ ትሰግዳለች?» አሉ።

«ትሰግዳለች።»

«ልጅሽ ይወዳታል?»

«አብዷል።»

«ታዲያ የምትጠይቂኝ ምኑን ነው?»

«ሰዎቹን ያውቋቸው የለም ወይ፣ ሸሁ?»

«ወደብ ላይ አብረን ስንሸከም ነው የኖርነው። ዱቄት የምናወርድ ቀን ማን የማን ዘር እንደሆነ አይለይም ነበር፤ ሁላችንም ፈረንጅ።» ሳቁና ወዲያው ኮስተር አሉ። «ልጁ አንድ ነው ያለሽ፣ ሀዋዬ። እኛ ካልሄድንለት ብቻውን ይሄዳል። ያኔ ልጅሽም ምራትሽም የሉም።»

ይህ ገባት። ልጇን ላለማጣት ስትል እሺ አለች፤ በዚያን ቀን ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበራትም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሄዱ። የዐብደላ ቤት ከአል-ሒስዋ ኃይል ማመንጫ ወዲህ፣ ረግረጉ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ደጃፉ ገና ውኃ የተረጨበት። ዐብደላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ጠበቃቸው። ሚስቱ ኑር ሻይ በወተት አፍልታ በብርጭቆ ደርድራለች።

«መርሐባ፣ ተፈደሉ፣ ተቀመጡ» አለ ዐብደላ።

ሸሁ አልተቀመጡም። በወሎ ወግ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። ደጅ ቆሞ «ጉዳይ አለን» ይላል። በቆመ መጠን የልጅቱን አባት ያከብራል። ሸህ ሙሐመድሲራጅ ዕድሜያቸውን ሐበሻን ከሐበሻ ሲያጋቡ ስለኖሩ ወጉ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል ብለው አስበው አያውቁም። ሀዋዬም ነጠላዋን አጣፍታ ከጎናቸው ቆመች።

«ቆመን ይሻለናል፣ ያ ዐብደላ» አሉ ሸሁ በደህናው ዐረብኛቸው።

«ሻይ እንኳ ጠጡ።»

«ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀምስም።»

ዐብደላ ብርጭቆዎቹን አየ፤ ቀጥሎ የሀዋዬን እጅ። እንደገና ተቀመጡ አለ፣ አሁን ዝግ ባለ ድምፅ። ሸሁ በአክብሮት አንገታቸውን ደፍተው እምቢ አሉ። ኑር ሻዩን ማንሣት ጀመረች።

«ልጁን ወድጄው ነበር» አለ ዐብደላ። «ግን ልጄን ውኃዬን ለማይጠጣ ሰው አልሰጥም። ፊ አማኒላህ፣ በሰላም ሂዱ።»

ሸሁ መንገድ ላይ ወጥተውም ነገሩ አልተገለጠላቸውም። «ኩሩ ሰው ነው» አሉ፣ «ገና ሳንጠይቀው።» በድረዲን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሻዩን ጠጣችሁ?»

«እንዴት እንጠጣለን? ቃል ሳይሰጠን?»

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወደ ወርሻው ሄደ፤ ለእራትም አልመጣም።

በማግስቱ ጧት የማዓላው ጠራጊ እንደ ልማዱ ደረጃው ሥር ቆሞ ውኃ ጠየቀ። ሀዋዬ ቆርቆሮዋን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችና በብርጭቆ ቀድታ ወረደች። ጠራጊው ብርጭቆውን አይቶ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«የእኔን ስጪኝ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። ሐጃ ካዩ እኔን ነው የሚቆጡት።»

«ማንም አላዘዘኝም። በራሴ ነው ያመጣሁት።»

«አንቺ ነገ ትረሺዋለሽ» አለ ያለ ቂም። ቆርቆሮዋን ስታመጣለት ራሱን ቀና አድርጎ፣ ኩባያዋ ከንፈሩን ሳትነካው ከላይ አንቆረቆረ። የራሱን ኩባያ እንኳ አይነካም። ሀዋዬ ይህን ከዚህ በፊት አይታው ነበር፤ ልብ ያለችው ግን ያን ጧት ነው። ዕድሜውን በዚህ ዓይነት ለጠጣ ሰው፣ ሻዩን ትቶ የቆመ እንግዳ ምን እንደሚመስለው ገባት።

ሥራዋን ጨርሳ በቀጥታ ወደ አል-ሒስዋ ሄደች። ሽማግሌ አልያዘችም፤ ለሸሁም አልነገረቻቸውም። ኑር ደጃፏ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«የትናንቱን ሻይ ልጠጣ መጣሁ» አለች ሀዋዬ።

«ቀዝቅዞ ተደፋ።»

«ሌላ አፍዪልኝ።»

ኑር ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እናንተ የራሳችሁን ብርጭቆ ይዛችሁ አትዞሩም? ወይስ ዛሬ ቤት ረስተሽው ነው?»

ሀዋዬ ስድቡን ዋጠችና ወጉን አስረዳቻት። ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ ከተቀመጠ ልጅቱን እንዳቃለላት ይቆጠራል አለች። ኑር መጀመሪያ አላመነችም። በኋላ ማሰጣቱን ተወች።

«አባትየው እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ዝም ቢልስ?»

«ይቆማሉ።»

«ዝናብ ቢመጣ?»

«በዝናብም የቆሙ አሉ። አባቴ ለእናቴ የላካቸው ሽማግሌዎች ሦስቴ ተመላልሰዋል።»

ኑር ሳቀች። ገብታ የራሷን ሻይ በብርጭቆ ይዛ ወጣች፤ ግማሹን ጠጣችና የቀረውን ለሀዋዬ ዘረጋችላት። ሀዋዬ ልትቀበል ስትል ክንዷ ትንሽ ዘገየ። ሐጃም ጠራጊውም ያን ጊዜ በአእምሮዋ አልነበሩም፤ ያቺ የሸክላ ሠሪዎቹ አጥር ነበረች። ከዚያ ተቀብላ እስከ አተላው ጠጣችው።

«እጅሽ ዘገየ» አለች ኑር።

«ዘገየ። ግን መጣ።»

ኑር ብርጭቆውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። «እንግዲህ እኔም ልንገርሽ። ለልጄ የአገሯን ሰው ነበር የምፈልግላት። እኛ ድሆች ነን እንጂ የዚህ አገር ሰዎች ነን። ሐበሻ መንገደኛ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሳዑዲ። ወገን የለው፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የለው። ዘመዶቼ ልጅሽን በባሕር ለመጣ ሰው ሰጠሻት ይሉኛል።»

የሀዋዬ ጆሮ ጋለ። ለልጇ ሚስት ከእርሷ በታች ናቸው ካለቻቸው ሰዎች ስትጠይቅ፣ እነርሱ ደግሞ ልጇ ከእነርሱ በታች ነው ብለው ይመካከሩ ኖሯል። «ልጄ እዚህ ነው የተወለደ» አለች።

«እናቱስ?»

«እናቱ ሰዎች አንተ ትንሽ፣ አንተ ትልቅ ሲባባሉ በሁለት አገር አየች። በሁለቱም አገር የሚሰጡት ምክንያት ይለያያል እንጂ ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጡ አንድ ነው።»

ኑር ተነሣች። ስትሸኛት «ሽማግሌሽ በመጪው ዓርብ ይምጣ» አለቻት።

ዓርብ ሲደርስ ሸህ ሙሐመድሲራጅ ስሕተታቸውን ተነግሯቸው፣ አፍረው፣ ሊክሱ ቆርጠው ነበር። ገና ደጃፉን ሳይረግጡ «ሻይ የለም እንዴ፣ ያ ዐብደላ?» ብለው ምንጣፉን ፍለጋ አቀኑ።

ዐብደላ እጁን አነሣ። «ቁም፣ ያ ሐጅ።»

ሸሁ ቆሙ።

«ኑር ነግራኛለች። በአገራችሁ የፈለገ ሰው ይቆማል አሉ።»

«ይቆማል፤ ግን እዚህ በእናንተ ወግ—»

«እዚህም ይቆማል። ይህ ደጃፍ ሰው ለምኖት አያውቅም፤ ሲያዙን ነው የኖርነው። ትንሽ ልየው።»

ሸሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሀዋዬም ቆመች። በድረዲን ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሸሁ ወጉን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ የልጁን እናት፣ ሥራውን፣ ጠባዩን ተናገሩ። የመንደሩ ልጆች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። ዐብደላ ሸሁ ደክሟቸው እግር ሲለዋውጡ አይቶ ከምንጣፉ ተነሣና ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ተቀመጥ እንጂ አንተ፣ ባለቤቱ ነህ» አሉት ሸሁ።

«አብረን እንድከም።»

ቆመው ቆዩ። በመጨረሻ ዐብደላ ወደ በሩ ዞረ። ሻዲያ ከመጋረጃው ኋላ መሆኗ ለሁሉም ይታወቅ ነበር። «ሰማሽ?» አላት። «ሰማሁ፣ አባ» አለች። «እንግዲህ ሰጥቻለሁ» አለ፣ እጁንም ለሸሁ ዘረጋ። የቃል ኪዳኑ ማጽኛ ፋቲሓ ተቀራ።

ከሀዋዬ ጎረቤቶች ሁሉም በሠርጉ አይገኙም፤ ሲቲ የምትባለው የቅርብ ወዳጇ ከአሁኑ ሰበብ እየፈለገች ነው። ከኑር ዘመዶችም እንደዚያው። ሀዋዬ ይህን ታውቃለች። ያን ዕለት ግን ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊቷ አንድም ብርጭቆ አለመቅረቡን አይታ ኑርን ቀና ብላ አየቻት።

«ሻዩ እሳት ላይ ነው» አለች ኑር። «እናንተ ሳትቀመጡ ሁለተኛ አልቀዳም።»