እማዬ ስትደውል የሚጠፋው ኤሲ

ልጄን የወለድኩት በሐምሌ መጨረሻ ነው። እማዬ ወሬውን ስትሰማ ከእልልታዋ ቀጥሎ ያለችው «ውይ ልጄን፣ በዚህ ብርድ!» ነበር። ኩዌት መሆኔ ጠፍቷት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለ ደጋ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ወልዳ የኖረች ሴት ናት። ሐምሌ ለእሷ የትም ይሁን የት ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ ጣት የሚያደነዝዝ ቅዝቃዜ ነው። እኔ ያን ቀን ከሆስፒታሉ በር እስከ ታክሲው ያለችውን አሥር እርምጃ ስራመድ የጫማዬ ሶል አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ ነበር።

የምንኖረው ሳባህ አል-ሳሌም፣ ከአንድ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ኩሽና፣ ከአናታችን በላይ የሕንፃው የውኃ ታንከሮች። ባሌ ሹዌኽ በሚባል ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሲ ይጠግናል። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ ሚሽሪፍ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ለሥራ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ብቻ ትወጣለች። እዚህ አገር ያለኝ ሰው ይኸው ነው። አገር ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ጎረቤቱ ተራ ይገባላታል፣ አንዷ ታገነፋለች፣ አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ዝም ብላ ተቀምጣ ታወራለች። እኔ ግን ባሌ ማለዳ ከወጣ እስኪመለስ ድረስ ከልጄ ጋር ተፋጠን ነበር የምንውለው።

ስለዚህ አራስ ጠያቂዬ እማዬ ነበረች፣ በስልክ። በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን በላክንላት ስልክ በቪዲዮ ትመጣለች። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የሚወዛወዘውን መጋረጃ ነው።

«ያ የሚነፍሰው ምንድን ነው?»

«ኤሲ ነው እማዬ። ቤት ያቀዘቅዛል።»

«ያቀዘቅዛል?» ፊቷ ተለዋወጠ። «አራስ ቤት ያቀዘቅዛል? አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው! ነፋስ የገባባት አራስ መድኃኒት የላትም። ሕፃኗስ? ገና ሥጋዋ ያልጠና!»

አጠፋሁት። ይህን ስናገር እንደ ሞኝ የሚያየኝ ሰው ብዙ ነው፤ ይየኝ። አራት ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ፣ ሙቀቱን አታውቀውም አልባልም። ግን የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ሰውነቴ የራሴ አልመስል ብሎኛል፣ ወተቴ እንደ ልብ አልወርድ ብሎኛል፣ ሕፃኗን በቀኝ ልያዛት በግራ እንኳ አላውቅም። እንዲህ በሆነ ሰዓት ሰው የሚያምነው እናቱን ነው። በመስኮቱና በኤሲው መካከል ያለችውን ስንጥቅ በፎጣ ወተፍኩ። ራሴን በሻሽ አሰርኩ። እማዬ በሰው እጅ በላከችው ነጠላ ልጄን ጠቅልዬ ትኩስ አጥሚት እየጠጣሁ ተቀመጥኩ።

ማታ ባሌ በሩን ከፍቶ ሲገባ እዚያው ደፉ ላይ ቆመ።

«ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሳቀዘቅዝ ውዬ የራሴ ቤት ምድጃ ሆኖ ይጠብቀኝ?»

«አንተ አልወለድክ፣ አታውቅም» አልኩት።

ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማማን፤ እሱ ቤት ሲሆን ይበራል፣ እሱ ሲወጣ ይጠፋል። ላቡን እየጠረገ «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ ያሉት እኮ እኛን ነው» አለ። ሳቅሁ፤ ያን ሰሞን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ይህን ኑሮ ሦስት ቀን ኖርነው። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ልጄ ጸጥ አለች። ከልቧ ማልቀስ ተወች፣ ትንሽ ትጠባና ትተኛለች። አንገቷ ሥር ቀይ ሽፍታ ወጥቷል። እኔ፣ አህያዋ፣ ደስ አለኝ። ባሌ ሲገባ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አስቸገረችኝ አልልም» አልኩት።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ባሌ የደንበኛ መኪና ሊጨርስ ወጥቷል። እትዬ ከአሠሪዋ ከማዳም የተላከ የሕፃን ልብስ በላስቲክ አንጠልጥላ መጣች። ሳመችኝ። ልጄን ልትስም ጎንበስ አለችና እጇን ማጅራቷ ላይ አሳረፈች። እዚያው አቆየችው። ከዚያ እንደ እብድ ነጠላውን ትፈታ ጀመር።

«ሐራም! ልጅቷን ልትገድያት ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው የማትጠባው?»

«ጠዋት…» አልኩ። ጠዋትም አልጠባችም ነበር።

እትዬ የማዳምን አራት ልጆች በእጇ ያሳደገች ናት። ኤሲውን አበራችው፣ ልጄን ራቁቷን አደረገቻት፣ «ውኃ አምጪ፣ ፎጣ ነክረሽ አምጪ!» አለችኝ። ሮጬ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ እጄን ፈጀኝ። በእነዚህ ወራት ቀዝቃዛ የሚባለው ቧንቧ ከጣሪያው ታንከር ስለሚወርድ ሻይ ለማፍላት ምንም አይቀረውም። ለብ ያለ ውኃ የሚገኘው የውኃ ማሞቂያውን፣ ቦይለሩን፣ አጥፍቶ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ የቆየውን ከሙቅ ውኃው ቧንቧ በመቅዳት ነው። አራት ዓመት ሙሉ የማውቀውን ነገር በድንጋጤ ረስቼው ቆሜ እጄን አያለሁ። «ከቦይለሩ! ከቦይለሩ!» ስትል ነው የነቃሁት።

በታክሲ ወሰድናት። ሐኪሙ በዓረብኛ ብዙ ተናገረ። እትዬ ስትነግረኝ ግን አጭር ነበር፤ «ሙቀት ነው አለ። ሰውነቷ ደርቋል፣ ግሉኮስ ይሰካላታል።» ከዚያ በኋላ ያለውን አልተረጎመችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። የልጄ እጅ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ መርፌ የሚገባበት ሥር ሲፈልጉ ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆምኩ። ባሌ ግሪስ በግሪስ ሆኖ መጣ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን ቆይተን ወጣን። እትዬ ያኑ ዓርብ ማታ ወደ ማዳሟ ከመመለሷ በፊት ትእዛዟን ሰጥታኝ ነበር።

«ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ስንት ባሕር ማዶ ሆና በጸጸት ትሞትብናለች። ስትደውል አጥፊው፣ ስትዘጋ አብሪው። ምን ቸገረሽ?»

ምን ቸገረኝ! ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራዬን እጀምራለሁ። ክፍሉን እንደ ሥጋ ቤት ፍሪጅ አቀዘቅዘዋለሁ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሻሼን አስራለሁ፣ ጋቢ እለብሳለሁ። ስልኩ ሲጮህ ኤሲውን አጠፋለሁ። ኤሲያችን መስኮት ላይ የተሰካ አሮጌ ነው፤ ሲሠራ ወፍጮ ቤት ያለን ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ መደበቅ የሚባል ነገር የለም። ከጠፋ በኋላ ቅዝቃዜው ሸሽቶ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። እማዬ ግን በሩብ ሰዓት ሰላምታዋን እንኳ አትጨርስም። የጎረቤት፣ የከብት፣ የክርስትና፣ የለቅሶ፤ አንዱን ስትዘጋ አንዱን ትከፍታለች። እኔ ዓይኔን ከልጄ ማጅራት ላይ አልነቅልም። ላቤ ከሻሹ ሥር ይወርዳል።

አንድ ቀን ስልኩን ጠጋ አድርጋ አየችኝና ፊቷ በራ።

«እሰይ! ወዝተሻል ልጄ! አራስ እንዲህ ስትወዛ ነው የሚያምርባት። ያልኩሽን በመስማትሽ ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ በእነዚያ ደቂቃዎች እናቴን እጠላት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ኤሲውን ሳበራ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ። ደከመኝ። መውለዱ አይደለም ያደከመኝ፣ መተወኑ ነው። «ተኝታለች፣ በኋላ ትደውያለሽ» ማለት አበዛሁ። እማዬም ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፣ «ናፍቆቴን ሳልወጣ ትዘጊብኛለሽ» ትለኝ ጀመር።

የዚህ አገር አየር ደግሞ አመሉ አይጨበጥም። ባለፈው ኅዳር ዝናብ ጥሎ ባሌ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ መኪና ሲገፋ ውሏል። በበጋው ሰማዩ ጥርት ብሎ ይነሳና ሰው ልብሱን አስጥቶ ሳይጨርስ አቧራ አገሩን ይጋርደዋል። ነሐሴ ሊያልቅ፣ ልጄ አንድ ወር ሊሞላት ሲል አንድ ጠዋት እንዲሁ ሆነ። መስኮቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡና ዓይነት ሆነ። ፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ጠፋ። ያን ስመለከት መብራቱ ድርግም አለ፣ ኤሲው አንዴ አቃስቶ ቆመ።

በሩን ከፍቼ ወደ ደረጃው ተጣራሁ። ሀሪሱ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ ከታች «ሹዋይ፣ ሹዋይ!» አለኝ፤ ትንሽ ታገሺ ማለቱ ነው። የሱ ትንሽ አንድ ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ቀኑን ሙሉም ሊሆን ይችላል። መስኮት እንዳልከፍት አቧራው አለ። ባሌ ጋ ደወልኩ፤ መንገዱ አይታይም፣ መኪና ሁሉ ቆሟል፣ እንደምንም እመጣለሁ አለ። ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ ክፍሉ ውስጥ እንጎራደዳለሁ። ማጅራቷን እነካለሁ፣ እተዋለሁ፣ ደግሞ እነካለሁ።

ስልኩ ጮኸ። አራት ሰዓት ሆኗል። ቪዲዮው አልሠራ ብሎ በድምፅ ብቻ መጣች።

«ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«መብራት ጠፋ! ኤሲው ጠፋ!»

ካልኩ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

«ኤሲው? ያጠፋሽው?»

ያን ጊዜ የያዝኩት ሁሉ ገነፈለ። «አላጠፋሁትም! አንቺ ስትደውዪ ብቻ ነው የማጠፋው! አንቺን ሰምቼ ያጠፋሁት ጊዜ ልጄ ልትሞትብኝ ነበር፣ ሁለት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላት ነው የተረፈችው። እዚህ ብርድ የለም እማዬ! እዚህ የሚገድለው ሙቀቱ ነው!»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ ስታስጠጋ ትንፋሿን ሰማሁ።

«አሁን የት ናት?» አለች በቀስታ።

«ደረቴ ላይ።»

«አውርጃት። የሰው ገላ ይሞቃል። ወለሉ ይቀዘቅዛል?»

«ሴራሚክ ነው። ከአልጋው ይሻላል።»

«ያን ነጠላ ውኃ ነክረሽ ጭመቂውና እዚያ ላይ አንጥፊላት። ልብሷን አውልቂ። የራስሽንም ጣዪው። ጡት ስጫት፣ እንቢ ብትል ደግመሽ ስጫት። አትጩሂ፣ ስትጮሂ ትሰማለች።»

ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ያለችኝን አደረግሁ። ከቦይለሩ ቀዳሁ። እንድትሞቅበት የተላከላትን ነጠላ ነክሬ አነጠፍኩላት። አጠገቧ በጎኔ ተኝቼ ጡቴን ሰጠኋት። እንቢ አለች። ደግሜ ሰጠኋት። ሦስተኛው ላይ ያዘችው።

«ያዘች?»

«ያዘች።»

«ተመስገን።» ከዚያ ማውራት ጀመረች፣ እንደ ወትሮዋ ሳትቸኩል። «ከእህትሽ ቀጥሎ ወንድ ልጅ ነበረኝ። በዚሁ በነሐሴ የወለድኩት። አባትሽ መንገድ ሄዶ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጎርፍ የጥጃውን ጋጣ ናደው፤ ሰው ቢጠራ አይሰማ፣ እሱን አዝዬ ወጣሁ። ስመለስ ነጠላዬ እላዩ ላይ በስብሷል። ሦስት ቀን አሳለው፣ ሞተ። ስም እንኳ አላወጣንለትም።» ተነፈሰች። «የነገርኩሽ ያወቅሁ መስሎኝ ነው ልጄ። ያወቅሁ መስሎኝ ነው።»

በመካከላችን አንድ ልጅ እንደነበረ እሰማ ነበር፤ ከዚያ በላይ ጠይቄ አላውቅም። ወለሉ ላይ እንደተኛሁ አለቀስኩ፣ ድምፄን ውጬ፣ ልጄ እንዳትሰማ። ያን ሁሉ ቀን ስልኩ ላይ አፍጥጣ የምታየው እኔን ብቻ አልነበረም። የጠላኋት ይህችን ሴት ነው።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። እሷ በየመሀሉ «ትጠባለች?» ትላለች፣ እኔ «ትጠባለች» እላለሁ። ነጠላው ሲደርቅ ደግሜ እነክረዋለሁ። ከዚያ መብራቱ መጣ። ኤሲው እንደ ልማዱ ተንገጫግጮ፣ አቃስቶ፣ ጩኸቱን ለቀቀው።

እኔም እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ። እማዬ ስልክ ላይ ናት፣ ኤሲው ይጮሃል፤ እጄ ሳላዘው ማጥፊያው ላይ ደረሰ። ጠፋ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ለምን አጠፋሽው?» አለች።

እጄን ከማጥፊያው ላይ አነሳሁ።

«አብሪው» አለች። «እኔ እየሰማሁ አብሪው።»

አበራሁት።

«ይጮሃል» አለች ትንሽ አዳምጣ።

«አሮጌ ነው እማዬ።»

«ይጩህ።»