ሃጅና የአውሮፕላኑ ድምፅ

ካፉሪ በሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኛነት የምሠራበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ አብራሪ ነበሩ። ከወሎ መጥቼ ስቀጠር ስኳር ዓይናቸውን ጎድቶት ከጥላ በቀር አያዩም ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ አንዲት ልጃቸው ካይሮ ናት። እኔ «ሃጅ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ቢንቲ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን አውሮፕላን ያዳምጣሉ። አንድ ቀን መዳፋቸውን ዘርግተው አስረዱኝ። ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሳው አየሩ ነው፤ ወደ ፊት የሚገፋው ሞተሩ። ሽቅብ ሲወጣ ግን ከክብደቱ ከፊሉን ሞተሩ ይሸከማል፤ የሚያጓራውም ለዚህ ነው። ከዚያ መዳፋቸውን አጋደሉት። አውሮፕላን ሲታጠፍ የሚያነሳው ኃይልም አብሮት ያጋድላል፤ ከፊሉ ለመዞሪያ ስለሚውል ለማንሳት የሚቀረው ያንሳል። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አድርጎ ሞተሩን መጨመር አለበት።

«ፍጥነት ካነሰው ክንፉ አየሩን ይለቃል» አሉኝ። «ጓደኛዬ እንደዚያ ነው የሞተው። ዝቅ ብሎ ሲታጠፍ።»

ጦርነቱ ሲነሳ ያ ጆሯቸው ለሁለታችን ሆነ። የጦር አውሮፕላን ሲመጣ ድምፁን ሰምተው እየወጣ ከሆነ እየራቀ ነውና ከተቀመጡበት አይነሱም፤ እየታጠፈ ከሆነ ተመልሶ ይመጣልና «ግቢ!» ይሉኛል። እጃቸውን ይዤ ደረጃው ሥር እንገባለን። አንድ ጊዜ ከኋላችን ያለው ቤት ሲፈርስ አቧራው እላያችን ላይ ወረደ።

መብራት ጠፋ፤ ኢንሱሊናቸው በሙቀቱ ተበላሸ፣ ሌላ ለማግኘት ብዞርም ፋርማሲው ሁሉ ተዘርፏል። ጎረቤቶች ወደ ሸንዲ ከተማ ሲሸሹ መኪናቸው ላይ ቦታ ሰጡን። ሃጅ እምቢ አሉ፤ እኔን ግን ሂጂ አሉኝ። ጥያቸው መሄድ አቃተኝ።

በመጨረሻው ቀን ከአልጋ አልተነሱም። አውሮፕላን መጣ። ጆሯቸውም ደክሞ ነበር መሰለኝ፣ ጠየቁኝ።

«ምን እያደረገ ነው፣ ቢንቲ?»

ድምፁ ከብዷል፤ እየታጠፈ ነበር። ብቻዬን ላነሳቸው አልችልም።

«እየወጣ ነው፣ ሃጅ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጠገባቸው ተኝቼ ጭንቅላታቸውን በክንዴ ሸፈንኩ። ቦምቡ ከእኛ ራቅ ብሎ ወንዝ ዳር ወደቀ። የማግሪብ ሶላት ሳይደርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ።

ሰፈሩ ውስጥ የቀሩ ሦስት ሽማግሌዎች አጥበው፣ ሰግደው፣ ግቢው ውስጥ ቀበሯቸው። ከዚያ ሸሽቼ ገዳሪፍ ስደርስ ስልክ ሠራና ለልጃቸው ደወልኩ። አባቷ ፈርተው እንደነበር ጠየቀችኝ። አልፈሩም አልኳት። ስለ አውሮፕላኑ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ግን አልነገርኳትም።