ጀልባ ሳናይ የተፈተንነው

ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጄ ሐያት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እምዬ፣ እንግሊዞች ‹በአንድ ጀልባ ላይ ነን› ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?» ብላ ፈተነችኝ። ስድስተኛ ክፍል ያቆመች አያት አታውቅም ብላ ነው። «የአንዱ መከራ የሌላውም ነው ማለታቸው ነው» አልኳት። «የት ተማሩት?» አለችኝ።

የተማርኩት በደርግ መጨረሻ፣ መርሳ ነው። ወልድያ ላይ ጦርነቱ ሲጠና ሰዉ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ እኛ ወረደ። ማንጎ የሚበስልበት ወቅት ስለነበር በየዛፉ ሥር ለተጠለለው ሁሉ በእንቅብ ይታደል ነበር። እታገኝ የምትባል ልጅም ከአጎቷ ጋር መጥታ፣ ትምህርት ቤት ገብታ እኔ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። እግሯ ቆስሏል፤ ሳቋ ግን አልተነካም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋሼ ደምሴ እንደ ጀልባው ያሉ አሥር አባባሎችን ቀድመው አስተምረውን ጨርሰው ነበር። እሷ በመጣች በሦስተኛው ቀን ፈተኑን። እኔ አሥር ከአሥር አገኘሁ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ። እታገኝ ዜሮ። ስለ ጀልባው «እኛ የመጣነው በእግር ነው» ብላ ጽፋለች። ጋሼ ያላገጠችባቸው መስሏቸው ለክፍሉ አነበቡት፤ ሁሉም ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፍታ፣ «አጎቴ ከወደቅሽ ትምህርት የለም ብሎኛል» አለችኝ።

ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ይኼ ግፍ ነው!»

«ምኑ ነው ግፉ፣ ሐዋ?»

«ሲያስተምሩ እሷ መንገድ ላይ ነበረች። ያልሰማችውን ከየት አምጥታ ትጻፍ?»

«ከደገምኩ ለሁሉም ነው የምደግመው። ያንቺም አሥር ይሰረዛል።»

እውነቱን ልናገር፣ ወረቀቴን ለአባቴ እስካሳይ ቸኩዬ ነበር። «ይሰረዝ!» አልኩ።

«አንቺ እብድ፣ የእኛስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ያንተ ሦስት ቢሰረዝ ምን ይጎዳሃል?» ብዬ መለስኩለት።

ጋሼ ድጋሚውን ፈተና ለሰኞ ቀጠሩት። ቅዳሜና እሁድ ወንዝ ስንወርድ፣ ማንጎ ስንልጥ፣ አሥሩንም አስጠናኋት። እንግሊዞች ቀላል ነገርን «ቁራሽ ኬክ» ይላሉ ስላት ተናደደች። «ኬክ የት ቀምሰን? እንደ ውሃ መጠጣት ነው ቢሉ ምናለ!» ጀልባም ሁለታችንም አይተን አናውቅም።

ሰኞ እታገኝ አሥር አመጣች። እኔ ዘጠኝ።

«አሁንስ ግፍ አለ፣ ሐዋ?» አሉኝ ጋሼ እየሳቁ።

«የለም» አልኩ ጥርሴን ነክሼ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት።

በዚህኛው ጦርነት ደግሞ መሰደዱ የእኔ ሆነ። ሐያትን እጇን ይዤ፣ አቧራ ለብሰን፣ ደሴ እታገኝ ቤት ደረስን። በሩን ከፍታ ያበጠ እግሬን አየችና፣ «ሐዋ፣ ጀልባሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አለችኝ። እዚያው ደጃፍ ላይ ተቃቅፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ እግሬን በእጇ አጠበችኝ።

ሁለት ሴቶች ያን ቀን ለምን እንደሳቁ ሐያት የገባት ሐሙስ ዕለት ይህን ሁሉ ስነግራት ነው። «ታዲያ እምዬ፣ ያ አሥር ያንቱ ነዋ!» አለችኝ።

«የለም!» ብዬ ተቆጣኋት። «የሠራችው እሷ ናት። የእኔ ዘጠኝ ነው።»