በአሰብ ከሰዓት የተቀዳው ካሴት

ባለፈው ሳምንት ዮናስ ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ ቤቴ መጣ። ዮናስ ጎረቤቴ ነው፤ ድሮ የተሠሩ ካሴቶችን ከየሰዉ እየለቀመ ኢንተርኔት ላይ ይጭናል። «እትዬ ሙሉ፣ ካሴትዎን አስተካከልኩልዎ» አለኝ።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ፍጥነቱ ልክ አልነበረም። እውነተኛ ድምፅዎ ይሄ ነው» ብሎ ከፈተው። ከስንት ዘመን በኋላ በወጣትነት ድምፄ ሲዘፈን ሰማሁ። ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሙቀት ያደከመው ድምፅ ነበር። ደነገጥኩ ማለት እችላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ላይ የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር። ከደሴ ተመድቤ ስሄድ እናቴ እንደሞትኩ ያህል አልቅሳለች። እኔ ግን ከተማዋን ወደድኳት። ማታ ማታ ባሕሩ ዳር በትኩስ ቂጣ የሚበላው ጥብስ ዓሣ፣ ሎሚው፣ ሽርጥ ታጥቀው ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ የሚያወሩት ወንዶች፣ ከማዶ አገር በራዲዮ የሚመጣው ዘፈን፤ ይህ ሁሉ ለእኔ የተዘጋጀ ይመስለኝ ነበር። ትሕትና የሚባለው ነገር ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ ያውም በጥቂቱ።

ግጥም እጽፋለሁ፣ ዜማ እሠራለሁ፣ እዘፍናለሁ። ያኔ ሴት ስትዘፍን መጀመሪያ የምትጠየቀው ግጥሙን ማን ሰጠሽ፣ ዜማውን ማን ሠራልሽ ተብላ ነው። እኔ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። ደግሞም ዘፈኖቼ አንጀት የሚበሉ አልነበሩም። አጫጭር፣ ቀልጣፋ፣ እግር የሚያስነሱ ነበሩ። ሳንሱር የሚያዩት ጓድ ስለ ሥራ የሚያወራ ዘፈን የለሽም ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለአንድ የክሬን ሠራተኛ ፍቅር የጻፍኩትን አሳየኋቸው። በሥራ ዘፈንነት አለፈ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሙዚቃ ቤት ሁለት ዘፈኖቼን በስልክ ሰማ። ባለቤቱ ያለኝን አልረሳውም። «ሙሉውን ካሴት ለዘመን መለወጫ አድርሺልኝ። ድምፅሽ ካልጣመኝ ዘፈኖቹን ገዝቼ ስም ላላት ዘፋኝ እሰጣለሁ።» ዘፈኖቼን በሌላ ሴት አፍ መስማት!

ስቱዲዮአችን የክፍሌ ክፍል ነበር። ክፍሌ የነዳጅ ማጣሪያው ኤሌክትሪሻን ነው፤ መርከበኛ የሸጠለት ኪቦርድና አንድ ትልቅ ቴፕ ነበረው። ግድግዳውን በፍራሽ ሸፈንነው። በአሰብ መሥሪያ ቤት በማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ ከሰዓት መንገዱ ላይ ፍየል እንኳ አይታይም፤ ከተማው ሁሉ ቬንቲሌተሩን ከፍቶ ይተኛል። ጸጥታ የሚገኘው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ የምንቀዳው ያን ጊዜ ነበር። የእኛን ቬንቲሌተር ግን እናጠፋለን፤ ድምፁ ካሴቱ ውስጥ ይገባል። ነሐሴ ነው። በር ዝግ ነው። የክፍሌ ጣቶች በላብ ቁልፎቹ ላይ ይንሸራተታሉ፣ እኔ እርጥብ ፎጣ አናቴ ላይ አድርጌ እዘፍናለሁ። የቀዳነውን እዚያው መልሰን እንሰማለን፤ ደስ ይለናል።

ሥራው ባለቀ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ከወጣ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምረን ለመስማት ተቀመጥን። ከቴፑ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ፈጣን፣ ቀጭን፣ ገና ጡት ያላጎጠጎጠች ልጅ ድምፅ ነበር።

ክፍሌ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ኤሌክትሪሻን ነኝ እላለሁ እንግዲህ» አለ። ከተማው በሙሉ ቬንቲሌተር ሲከፍት የመብራቱ ኃይል ይደክማል፤ ቴፑም አብሮ ያዘግማል። መልሰን የምንሰማውም በዚያው ሰዓት ስለነበር ልክ ይመስለን ነበር። አሁን ኃይሉ ሲመለስ ቴፑ ሮጠ፤ እኔንም ይዞኝ ሮጠ።

«እንደገና እንቅዳው» አለ።

«ጋሽ ተሰማ ነገ ማለዳ ይነሳሉ» አልኩት። ካሴቱን አዲስ አበባ የሚያደርሱልኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ መኪና እስክናገኝ፣ እንደገና እስክንቀዳ በዓሉ ያልፋል።

«ይቺ አንቺ አይደለሽም እኮ፣ ሙሉ። ስምሽን ታበላሺዋለሽ።»

እኔ ግን ሦስተኛው ዘፈን ላይ እግሬ ሳላዘው ሲመታ አይቼዋለሁ። ካሴቱን አንስቼ ጋሽ ተሰማ መኪናቸውን ወዳቆሙበት ሄድኩ፤ ክፍሌ ከኋላዬ እያጉረመረመ ተከተለኝ። ጋሽ ተሰማ በማንዳ፣ በኤሊዳር አድርገው ያን የእሳት ምድር ስንት ጊዜ የተመላለሱበት ሾፌር ናቸው። መኪናቸው ውስጥ ከፈቱት። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እንቅልፍ አያመጣም» አሉኝ። ለእኔ በቂ ነበር። ይሂድ አልኩ።

ከቀናት በኋላ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ወደ ቢሮዬ ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ መሆኔን አላወቀም። «የዘፋኟ ዕድሜ ስንት ነው?» አለ።

«ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ ካሴቱን ያውጡት» አልኩት። ስቆ አወጣው፤ በእኔ ስም፣ በእኔ ድምፅ። ያን ዓመት ወደ አሰብ ከሚገባው ከባድ መኪና እኔ የማልዘፍንበትን ማግኘት ቀላል አልነበረም። የሠራተኞች ክበብ ሲጋብዘኝም እንደ ካሴቱ እየሮጥኩ ዘፈንኩት፤ ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ አላፈርኩም።

ክፍሌ ግን አልተጽናናም። ዛሬ አዳማ ጡረታ ላይ ነው፤ በተገናኘን ቁጥር «ድምፅሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ይላል። ስለዚህ ዮናስ ሲሄድ ደወልኩለትና የተስተካከለውን ዘፈን በስልክ አሰማሁት። እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠው። እንዲህ ያለ ዕዳ ከሰው ጫንቃ ሲወርድ መስማት እፈልግ ነበር።

«ክፍሌ፣ አለህ?»

«አለሁ። አንቺ ነሽ፤ ራስሽ ነሽ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ሙሉዬ፣ ይሄ እንቅልፍ ያመጣል።»

ሁለታችንም እስክናስል ሳቅን። ለዮናስ ካሴቱን እንደ ወጣው አድርጎ እንዲጭነው ነገርኩት። እግዜር የሰጠኝ ድምፅ የተስተካከለው መሆኑን አልክድም፤ ያንን ሌላውን ግን እኔ ሰምቼ፣ እኔ ወስኜ ነው የላክሁት፣ ሰውም የጨፈረው በእሱ ነው። የተስተካከለውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ከሰዓት ጋደም ስል ቬንቲሌተሬን ከፍቼ እሰማዋለሁ፤ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።