ቅጠል ለቀማ ብለን የወጣንበት ዳገት

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛው ክረምት ነበር። እናቴ አንድ ማለዳ ቅጠል እንልቀም ብላ ከልደታ እስከ እንጦጦ ጫካ በእግሬ አስኬደችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ነጭናጫ ነበርኩ። «በሐምሌ የራሰ ቅጠል ማን ያነዳል?» እያልኩ ጉለሌን እስክናልፍ አፌ አላረፈም።

ዳገቱ ጭቃ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወጥተን አንዱን እንንሸራተታለን። ባሕር ዛፉን እየተደገፍኩ ስከተላት ዝናቡ ባሰበት። ጫካው መሐል ግራ ቀኙን አይታ ተቀመጠች።

«አባትሽ ሞቷል» አለችኝ። «ከሰማሁ ሃያ ቀኔ ነው። እዚህ አልቅሺ፤ እስኪወጣልሽ አልቅሺ። ሰፈር ስንገባ ግን እንባ የለም።»

ለጎረቤት ሁሉ ጅማ ለሥራ ሄዷል ብለን ነበር። አርበኛ ሆኖ ዱር መግባቱን የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ ነን። ከታወቀ ቤታችን ይቃጠላል፤ እኛንም ይወስዱናል።

እናቴ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። እኔ እንባ እምቢ አለኝ፤ ተናድጄ ነበር። ሃያ ቀን ሙሉ ፀጉሬን ስትሠራልኝ፣ ከሰው ጋር ስትስቅ ነው የከረመችው። ያን ጊዜ ጠላኋት። ያንን ሳቅ ከየት እያመጣች እንደሳቀችው ዛሬም ይገርመኛል።

እርጥቡን ቅጠል ተሸክመን ወረድን። በራችን ላይ ስንደርስ እንባዬ ያለቦታው መጣ። ቆሜ ተንሰቀሰቅሁ። ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ነበሩ፤ ባላቸው የጣሊያን አስተርጓሚ ስለሆነ ከሰፈሩ ሁሉ የምንፈራው እሳቸውን ነው።

«ምን ሆና ነው?» አሉ።

«ሳማ ለብልቧት ነው» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ የእናቴን ያበጠ ዓይን ትኩር ብለው አዩና ወደ ቤታቸው ገቡ። እናቴ በራችንን ዘግታ «አለቀልን» አለች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ለሳማው ብለው ቅቤ በሲኒ ይዘዋል። ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚደረገው አዘቅዝቀው ለበሱና ከእናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ማን እንደሞተብሽ አትንገሪኝ» አሏት። «ባሌ ቢጠይቀኝ አላውቅም እንድለው።»