በአንድ ዶላር የተሸጠው የሄሲ ቤት

ኦሊታ ራትሊፍን የማውቃት ከልጅነታችን ጀምሮ ነው። ትምህርት ያቆምነውም በአንድ ዓመት ነው፤ እኔ አርግዤ፣ እሷ ደግሞ የአባቷን ሳንባ የድንጋይ ከሰል አቧራ ዘግቶት። እኔ ወለድኩ፣ አሳደግኩ፣ ልጄም አደገና ሄደ። የእሷ ሥራ ግን ማለቂያ አልነበረውም። አባቷ በረንዳው ላይ እየሳለ ዓመታት ቆየ። እሱን ከቀበርን በኋላ የእናቷ የሄሲ ስኳር ተነሣ፣ ከዚያ ዓይኗ፣ ከዚያ እግሯ። ኦሊታ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ድስት ታጥብ ነበር፤ እሱንም ተወችው። አግብታ አታውቅም። የጠየቃት አንድ ሰው ነበር፤ እናቷን ይዛ እንደማትመጣ ማረጋገጫ ሲጠይቃት በሩን ዘጋችበት።

ወንድሟ ዶይል ትምህርቱን ጨርሶ ከተማ ወርዷል፤ አሮጌ መኪና ይሸጣል። እሑድ እሑድ ሚስቱን ሮንዳን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይመጣና ይበላል። ሲበላ ያምርበታል። ሄሲ እሱ ሲገባ ፀጉሬን አበጥሩልኝ ትል ነበር።

ነገሩ የታወቀ ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ድንች እየላጥኩ። ኦሊታ የበቆሎ ዳቦውን ከምድጃ እያወጣች ነው። ሮንዳ ወንበር ላይ ወጥታ የወጥ ቤቱን መስኮት በሜትር ትለካለች።

«ምን እየለካሽ ነው?» አለቻት ኦሊታ።

«መጋረጃ ነዋ። ይሄ ቢጫው አስጠላኝ።»

«በሳምንት አንዴ የምታዪው መጋረጃ ምን አድርጎሽ ነው?»

ሮንዳ ባሏን አየችው። ዶይል ዳቦውን በቦሎቄው መረቅ ውስጥ እየነከረ፣ «እማ፣ አልነገርሻትም እንዴ?» አለ።

ሄሲ ከወንበሯ ላይ ሆና ቀሚሷን ጎተተች። «ረስቼው ነው። ቤቱን ለዶይል ሸጥኩለት። ባለፈው መስከረም፣ አንቺ መድኃኒት ልታመጪ የወረድሽ ጊዜ።»

«በስንት?»

«በአንድ ዶላር ነዋ። በስንት ሊሆን ነው?»

በእኛ ሸለቆ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ሰው ሲያረጅ ቤቱን ለልጁ በአንድ ዶላር ይሸጣል። ዝም ብሎ ከሰጠ ስጦታ ነው፣ አንዲት ዶላር ከተቀበለ ግን ሽያጭ ስለሆነ ማንም አይነካውም ብለን እናምናለን። የአረጋውያን መጦሪያ ለገባ ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ሲሞት ደግሞ ያወጣሁትን መልሱ ብሎ ቤቱን ይይዛል። ከእኛ ወንዝ ዳር ስንቱ ቤት እንዲያ ሄዷል። ስለዚህ ኦሊታን የቆረጣት ሽያጩ አይደለም። ለማን የሚለው ነው።

«እኔስ እማ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«አንቺማ ሴት ነሽ። ታገቢያለሽ።»

«በሃምሳ ስድስት ዓመቴ?»

«ሣራ በዘጠናዋ ወለደች።»

ዶይል ሳቀ፤ ሮንዳም ወንበሩ ላይ ቆማ ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር፤ የኦሊታን ፊት ሳይ አፌን ያዝኩ። እሷ ዳቦውን ቆርጣ ለሁሉም አደለች። ለዶይል ጠርዙን ሰጠችው፤ ጠርዙን ይወዳል።

ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ይቅር ያለች መስሎኝ ነበር። እናቷን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ መርፌዋን ትወጋለች። ዶይል ደግሞ የባለቤትነት ወግ ጀመረው። አባቱ ሲስልበት የኖረውን በረንዳ አፍርሶ ሰፊ አዲስ ሠራ። የአባቱ ወንበር ከፍርስራሹ ጋር ተቃጠለ። ኦሊታ ጭሱን ከወጥ ቤት መስኮት አየችው።

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ «አታስቢ ኦሊታዬ፣» አላት፤ «እማ ስታልፍ ሜዳ ላይ አንጥልሽም። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለችውን ክፍል እናጸዳልሻለን።»

«ያቺ እኮ የውሻ ነበረች፣» አለች ኦሊታ።

«ውሻው ሞተ እኮ!»

እሷም አብራ ሳቀች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ። እሑድ ከጎኔ ቆማ ትዘምራለች፣ ዓይኗ ግን መዝሙሩ ላይ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሄሲን ስትሮክ መታት፤ አንድ ጎኗ ሽባ ሆነ። አእምሮዋና ምላሷ ግን ደህና ነበሩ። ያን ሰሞን ኦሊታ ሐሙስ ሐሙስ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ለድሃ በነጻ ከምትመክር ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትገባ ወደ እኔ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ያቺ አንድ ዶላር ከንቱ ናት፣» አለችኝ። «ስጦታ ነው የሚሉት። አምስት ዓመት ሳይሞላው እማ መጦሪያ ከገባች መንግሥት አልከፍልም ይላል። ቤቱ ወደ ስሟ ካልተመለሰ በቀር።»

«ቢመለስስ? ስትሞት መንግሥት አይወስደውም?»

«ይወስደዋል። ግን እናቷ ቤት እየኖረች ሁለት ዓመት ያህል ያስታመመች፣ መጦሪያ እንዳትገባ ያቆየቻት ልጅ ካለች፣ እናቲቱ ቤቱን ለእሷ ልታዞርላት ትችላለች። ያን ጊዜ መንግሥትም አይነካው፣ ማንም አይነካው።» ጣቶቿን አየች። ቆዳቸው ከሳሙና ብዛት ተላልጧል። «እንዲህ ያለች ልጅ ታውቂያለሽ?»

«ለዶይል ንገሪው እንግዲህ። ተነጋግራችሁ ጨርሱት።»

«አልነግረውም። በረንዳውን በደንብ ቀለም ይቀባው።»

ኋላ ዶይልም ከሥራ ቦታው ስለ አምስት ዓመቱ ሰማ። ሌላውን ግን አልሰማም። ሽያጩ አምስተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፣ በብርዱ ወራት፣ ሄሲ ምግብ መዋጥ አቃታት፤ ጀርባዋ ቆስሎ ሥጋው ታየ። ቤት ለቤት የምትመጣዋ ነርስ፣ «ይሄ ከእርስዎ አቅም በላይ ነው፣ መጦሪያ መግባት አለባቸው» ብላ ለኦሊታ ነገረቻት። በነጋታው ዶይል ትልቅ የተጨሰ የአሳማ ጭን ተሸክሞ መጣ። ለእህቱ ስጦታ ይዞ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እህቴ፣ እስከ መስከረም ብቻ ያዥልን። መስከረም አምስት ዓመቱ ይሞላል። ቤታችን ይተርፋል።»

«ቤታችን?»

«የቤተሰቡ ማለቴ ነው።»

«ወገቤ ተቆርጧል ዶይል። ለብቻዬ ላነሣት አልቻልኩም። እናንተ ጋ ትሁን እስከ መስከረም።»

«ሮንዳ እኮ ወገቧን ያማታል።»

«አዬ! መጋረጃ ስትሰቅል ይሆናል።»

ሥጋውን ተቀበለችው። እኔም ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ጣፋጭ ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ሄሲ ከአልጋ ልትወድቅ ስትል ኦሊታ በደረቷ ደግፋ ያዘቻት። መሬት ላይ ተያይዘው ተቀመጡ። ኦሊታ ጮኻ ጠራችኝ፤ ከጎረቤት ሮጬ ስገባ እናትየዋ ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ግን ፊቷ እንደ ድንጋይ ነው። «አምቡላንስ ጥሪልኝ፣» አለች። እኔም ጠራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሄሲ ሐኪም ያስፈልጋት ነበር፤ ማንም ቢሆን ይጠራ ነበር። ነገር ግን አምቡላንሱ በሸለቆው ሲወርድ ኦሊታ አዲሱ በረንዳ ላይ ቆማ እጇን ስታራግፍ አይቻታለሁ። እንደዚያ የምታደርገው አንድ ነገር ስትጨርስ ነው።

ሆስፒታሉ ከጥቂት ቀን በኋላ ትውጣ አለ። የመጦሪያው ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። ኦሊታንና ዶይልን አስቀምጣ ገለጸችላቸው፤ እኔ ኦሊታን በመኪናዬ ይዤ ስለመጣሁ ጥግ ላይ ነበርኩ።

«ቤቱ ለእርስዎ በስጦታ ስለተላለፈ መንግሥት ለጊዜው አይከፍልም፣» አለችው ለዶይል።

«ገዝቼው ነው እንጂ ስጦታ አይደለም!»

«በስንት ገዙት?»

ዶይል ቀላ። «በ... በሕጋዊ ዋጋ።»

ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ አልሳቀችም፤ የእኛን አገር ለምዳዋለች። «ወይ እስከ መስከረም ከኪስዎ ይከፍላሉ፣ ወይ ቤቱን ወደ እናትዎ ስም ይመልሳሉ፣ ወይም ደግሞ ቤት ወስዶ የሚያስታምማቸው ሰው ካለ...»

ዶይል ወደ እህቱ ዞረ። ፊቱ ላይ ያ የእሑድ ፈገግታ መጣ። «ኦሊታ ትወስዳታለች። ለምዳዋለች።»

«የት ነው የምወስዳት?» አለች ኦሊታ።

«ቤት ነዋ!»

«ቤቱማ ያንተ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ። ባለቤቱ ይውሰዳት።» ለልጅቷ ደግሞ፣ «የእኔ እመቤት፣ የሱን አድራሻ ይጻፉ። ሚስቱ ጠንካራ ናት፤ ወንበር ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች» አለቻት።

«አንቺ፣ አብደሻል?»

«አላበድኩም። ደከመኝ።»

ዶይል የወር ክፍያውን ጠየቀ። ነገረችው። መኪና ቢሸጥ፣ ቢሸጥ አይደርስበትም። በዚያው ሳምንት ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱን ወደ ሄሲ ስም መለሰ። ፈርሞ ሲወጣ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፤ ለጊዜው ነው፣ ኋላ እናስተካክለዋለን ይል ነበር። ኦሊታን ትከሻዋን መታ አደረጋት። «በቃ፣ አኩርፈሽ ነበር፤ አለፈ» አላት። እሷም «አለፈ» አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠበቃዋ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው ይዛ መጦሪያው ውስጥ ሄሲ አልጋ አጠገብ ቆመች። ኦሊታ ለእናቷ አንድም አልደበቀችም። «እማ፣ ስትሞቺ ቤቱን ወይ መንግሥት ይወስደዋል፣ ወይ እኔ። ምረጪ።»

«ዶይልስ?»

«ለዶይል አይሆንም። ሕጉ ላስታመመሽ ነው የሚለው።»

ጠበቃዋ ሄሲን ለብቻዋ አናገረቻት፣ እኛን አስወጥታ። ስንመለስ ሄሲ ብዕሩን በደህናው እጇ ይዛለች። «እፈርማለሁ፣» አለች። «ግን እስክሞት ድረስ አትንገሪው። ከተናደደ አይመጣም። ማዪልኝ ኦሊታ።»

«አልነግረውም እማ።»

ሄሲ ፈረመች። ዶይል ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቅ ነበር፤ ለእናቱ ካልሲና ብርድ ልብስ አምጥቶ። ኦሊታ እኔን ትታ ቀጥ ብላ ወደሱ ሄደች። መስኮቱን አንኳኳች። ያለችውን አልሰማሁም፤ አጭር ነበር። ያየሁት የዶይልን አፍ ነው፤ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ጮኸ፣ የመኪናውን በር ረገጠ፣ ሰደባት። ሌባ አላት፣ ከዚያ ሌላም ብዙ። እሷ እጇን ኪሷ ከትታ ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ ሙዚቃ እንደሚሰማ ሰው። ካልሲውን በመስኮት ወረወረላትና ሄደ።

ቤቱ የኦሊታ ሆነ። የበረንዳውን ቀለም አላስቀየረችም። ቢጫው መጋረጃ እንዳለ ነው። መንግሥት ለሄሲ ይከፍላል፤ ኦሊታ ደግሞ እሑድ እሑድ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ እኔም አብሬ። ዶይል አንድም ቀን አልመጣም። ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። ሄሲ በሩ በተከፈተ ቁጥር ፀጉሬን አበጥሩልኝ ትላለች።

ባለፈው እሑድ ኦሊታ ፀጉሯን እያበጠረችላት ሳለ ሄሲ ማበጠሪያውን በእጇ ያዘችው።

«ነግረሽዋል አይደል?»

«ነገርኩት።»

«መቼ?»

«የዚያኑ ዕለት። እንደፈረምሽ።»

አሮጊቷ ጣሪያውን አየች። «ቤቴን ሰጠሁሽ፣» አለች፤ «ልጄን ወሰድሽብኝ።»

ኦሊታ ማበጠሪያውን አልለቀቀችም። ጎትታ ወሰደችው፤ ከቆመችበት ቀጥላ አበጠረች፣ ጎነጎነች፣ በጥቁር ክር አሰረችላት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ እኔ ደካማ ሰው ነኝ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «ምን ነበር እስክትሞት ብትጠብቂ? ዶይልን ያን ጊዜም ቢሆን ትበቀዪው ነበር እኮ።»

ቀበቶዋን አሰረች። «ዶይልን አዎ፣» አለች። «እሷን ግን አላገኛትም።»

ሞተሩን አስነሣሁ። በሸለቆው አፍ ገባን። ቤቷ ስንደርስ ወርዳ በረንዳው ላይ ወጣች፣ መብራቱን አበራች፣ ገባች።