የጋሽ አንጁሎ ሰሌዳ

ጥፋተኛው ጋሽ አንጁሎ ነው። ቅዳሜ በራሱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ እዚሁ ሶዶ፣ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ሳለ እኔ በሳቅ የፈነዳሁት በእሱ የተነሳ ነው።

ከቤሌ ወዲያ፣ ግድቡ ባቆረው ውሃ ላይ፣ ወጣቶችን ጠልቆ ሰው ማውጣት ያስተምር ነበር። የአየር ሲሊንደሩን ራሱ ይሸከማል፣ መጋዘኑን ራሱ ይጠርጋል። መጀመሪያ ቀን ዘበኛው መስሎኝ አሰልጣኙን ጥራልኝ አልኩት... እሺ ብሎ ገባና ሸሚዝ ለብሶ ተመለሰ።

ልጄ መብራቴ እዚያ ካልተማርኩ ስትል እምቢ ብዬ ነበር። ባሌን ብላቴ ወንዝ ወስዶብኛል። ለውሃ ሁለተኛ ሰው አልሰጥም። ዓመት ሙሉ ለምና አሸነፈችኝ። ጋሽ አንጁሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። የሚጠልቅ ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ ይሰቀልለታል። ያንን ማንበብ የማይችል ወላጅ ልጁን አያስመዘግብም።

«በስተርጅናዬ ፊደል ልቁጠር?» አልኩት።

«የመብራቴ እናት፣ እኔ አንዴ አየር ላይ ሳለሁ ሬዲዮዬ ዝም ቢል፣ ሞቷል ብለው ለእናቴ ሰው ላኩባት። በማግስቱ ደህና ነው የሚል ወረቀት ደረሳት። የሚያነብላት አጥታ ሳምንት አለቀሰችኝ።»

እኔ እንደማንም ተሳፍሮ ሲሄድ መስሎኛል።

ምን ላድርግ... በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ከሰንበት ትምህርት ሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከሁሉ አስቀድሜ የልጄን ስም አጠናሁ። ሌላው ብዙም አላስጨነቀኝም።

መብራቴ ተመዝግባ መማር ከጀመረች በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ሳልነግራት በአውቶቡስ ሄድኩ። ዳርቻው ጭር ብሏል። ሰሌዳው ላይ ግን ስሟ ተሰቅሏል... መብራቴ።

ገብታ ቀረች ብዬ እሪ አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ትተው መጥተው አብረውኝ አለቀሱ። ጋሽ አንጁሎ ከመጋዘኑ ብቅ ሲል ሸሚዙን ጨመደድኩት።

«አንተ መሬት ለመሬት ስትንፏቀቅ የኖርክ ሰው፣ ልጄን የት አደረስካት?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለኝ። አልተቆጣም። እጄን ይዞ ወደ ሰሌዳው ወሰደኝ። «ስሟን አነበብሽ። ከላይ ያለውንስ?»

ፊደል በፊደል ለቀምኩት። «የወጡ» ይላል። በወዲያኛው በኩል «የገቡ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከስሩ አንድም ስም የለም።

መብራቴ ሙዝ እየበላች ከኋላዬ መጣች። «እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

እዚያው አሸዋው ላይ ተዘረፈጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ለጋሽ አንጁሎ ግን ይቅርታ አላልኩትም። ቂመኛ ነኝ፣ አልደብቅም።

ቅዳሜ ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ተነስቶ፣ ድሮ እሱና ጋሽ አንጁሎ አብረው አውሮፕላን አብራሪዎች እንደነበሩ ተናገረ። ሰማዩ በጠራራ ፀሐይ እስከሚጠቁርበት ከፍታ ድረስ፣ ከመካከላቸው መጀመሪያ አውሮፕላን ይዞ የወጣው አንጁሎ ነው አለ። ሌሎቹ የደፈሩት እሱ በሰላም ከወረደ በኋላ ነው።

መሬት ለመሬት ያልኩት ሰውዬ... «እሱስ ልክ ነሽ» ያለኝ ሰውዬ... ሳቁ አመለጠኝ። ሰው ዞሮ ሲያየኝ ወደ እንባ ተለወጠ።

መብራቴና ጓደኞቿ ያንን ሰሌዳ አምጥተው ከፎቶው አጠገብ አቁመውታል። አንድ ቆርቆሮ ብቻ ተሰቅሎበታል፣ የእሱ። ዓይኔ ስሙ ላይ ሳያርፍ መጀመሪያ ከላይ ያለውን አነበብኩ።

«የወጡ» ይላል። ደረቴን ቀለለኝ።

ከእንግዲህ ከላይ የተጻፈውን ሳላነብ እሪ አልልም።